የጣሪያው ጎመንና የአባ ዋሪዮ ጊደር

ጡረታ የወጣ መምህር ሁለት ነገር አያጣም፤ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ምክር። ጊዜውን የሚወስድለት የለም፣ ምክሩንም የሚሰማው የለም። ዕድሜውን ሙሉ አርባ አርባ ደቂቃ ሳይቋረጥ ማውራት የለመደ ሰው በድንገት ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ብቻ እንዲያስተምር ሲፈረድበት፣ ወይ ሚስቱ ትታመማለች ወይ እሱ አዲስ ሥራ ይፈልጋል። የኔዋ ዘነበች ጤናዋን የምትወድ ሴት ስለሆነች፣ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር «አንተ ሰውዬ፣ እባክህ አንድ ነገር ያዝ» አለችኝ። ስሟን ልብ በሉልኝ። በዚያ ጊዜ በነገሌ ቦረና የዘነበች እሷ ብቻ ነበረች፤ ሰማዩማ ካኮረፈ ቆይቷል።

እኔም አንድ ነገር ያዝኩ። ጎመን ያዝኩ።

ነገሩ የተጀመረው በስልጠና ነው። እንደምታውቁት በአገራችን ያልሰለጠነ ሰው የለም፤ የጠፋው በሰለጠነበት የሚሠራው ነው። ወጣቱ አሰልጣኝ «ዘላቂ የጣሪያ ላይ ጓሮ አትክልት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ግድግዳው ላይ ሲያበራ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጓሮው ጣሪያ ላይ ከወጣ ጓሮነቱ ምኑ ላይ ነው?» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ማስታወሻ ያዝኩ። የልማድ ነገር።

የምንኖረው ጡሜ ቤት ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ጡሜ የዱብሉቅ አካባቢ ልጅ፣ የከብት አርቢ ልጅ ናት፤ ነጋዴ አግብታ ነገሌ ገባች፤ አሁን ከታች የጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ ዕቃ ለማምጣት ሞያሌ ስለሚመላለስ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እነሱ ከሱቁ ጀርባ፣ እኔና ዘነበች ደግሞ ከላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ከእኛ በላይ ያለው ሶሌታው ነው፤ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ አላህ ሲፈቅድ ለሚሠራው ቀጣይ ፎቅ የተተዉ ብረቶች ቀጥ ብለው የቆሙበት። የኛ አገር ቤት ሁሉ አናቱ ላይ ተስፋ ተሸክሞ ነው የሚኖረው።

ጡሜን አስፈቀድኩ። «ውሃው ወደ ታች እንዳያፈስብኝ እንጂ ጋሼ፣ ከፈለጉ ደን ያብቅሉበት» አለችኝ። ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ወገባቸው ላይ ቆረጥኩ። ያለቀለት የባጃጅ ጎማ ለቃቀምኩ፤ የስኳር ጆንያ አፈር ሞላሁ፤ አሮጌ ሸራ በብረቶቹ ላይ ወጥሬ የቀትሩን ፀሐይ ጋረድኩ። ፍግ ለማግኘት ጨርሶ አልተቸገርኩም። በከተማው ዳር ያሉት በረቶች ባዶ ሆነው ፍጉ ተቆልሎ ቀርቷል። የአህያ ጋሪ ይዤ ስሄድ የበረቱ ጠባቂ «ውሰድ፣ ውሰድ፤ የሚጠይቅህ የለም» አለኝ። ዕድለኛ ነኝ አልኩ። ከብቱ የት ገባ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ስኳር ድንች፣ ጥቂት ቲማቲም ተከልኩ፤ በየማታው እንደ ታማኝ አሽከር ውሃ አጠጣሁ። ውሃው ከጋሪ የሚገዛ ነው፤ ዕቃ የታጠበበትንም አጣርቼ እጨምርበታለሁ። ያም ሆኖ ጎመኔ ቢጫ ሆነ፣ ቆስጣዬ ከሥሩ በሰበሰ። ዘነበች ደረጃው ላይ ቆማ አየችና «እንደ ተማሪዎችህ ነው፣ ብዙ ስትነግራቸው ይደክማቸዋል» ብላ ወረደች።

አባ ዋሪዮ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

አባ ዋሪዮ የጡሜ አባት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው የማይላላ ሽማግሌ። ድርቁ ከብታቸውን ጨርሶባቸው፣ ልጃቸው በግድ አምጥታቸው ነው። ይዘውት የመጡት አንድ በትር፣ አንድ ከረጢትና አንዲት የእንጨት በርጩማ ነው። ሱቅ ውስጥ ቢቀመጡ ገዢ እያለፈ ይገፋቸዋል፤ ጓሮ ቢቀመጡ ከፊታቸው ግንብ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከብት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዓይኑ ሩቅ ካላየ ይታመማል። ስለዚህ አንድ ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና ሶሌታው ላይ ብቅ አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ መምህር?»

«ናጋ፣ አባ ዋሪዮ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ናጋ።»

ናጋ ማለት ሰላም ማለት ነው። ቦረና መጀመሪያ ናጋ ይላል፤ መርዶው ቢኖርም ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው። እሳቸው ግን መርዶውንም አላወሩም። የጎመኔን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡ።

«ይሄን ማን ይበላዋል?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ቅጠል ይበላል?»

«ለጤና ጥሩ ነው፣ አባ ዋሪዮ።»

ትንሽ አሰቡ። «ላም ቅጠል ትበላለች። ሰው ላሟን አልቦ ይጠጣል። አንተ ላሟን ከመሃል አወጣሃት» አሉ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን ለቀልድ አልነበረም ያሉት። ጎንበስ ብለው ከጀሪካኑ ቆንጥረው ፍጉን አሸተቱት። «ይሄ የድሮ ነው። ሣር የነበረ ጊዜ ነው» አሉና መልሰው ቦታው አስቀመጡት፤ በጥንቃቄ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶሌታው የሁለታችን ሆነ። እሳቸው ጠዋት እኔ ሳልነሳ ይወጣሉ፤ እኔ ስወጣ በርጩማቸው ላይ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ የእሳቸውም አማርኛ የገበያ ነው፤ ገበያ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ግን ይግባባሉ። በየማታው ማጠጣቴን አንድ ሳምንት ሲያዩ ቆዩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ውሃ መቅጃዬን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«የኛ ከብት በደረቅ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣው» አሉኝ። «የሚጠጣ ቀን ይጠግባል። ከዚያ ይሄዳል፣ ይግጣል፣ ይጠማዋል፣ ይጠነክራል። አንተ በየቀኑ ጉሮሮውን ብቻ ታርሳለህ።»

በዱብሉቅ በኩል ኤላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ጎልማሶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጡታል። አባ ዋሪዮ በጉልበታቸው ዘመን ከሥር፣ ውሃው ዘንድ የሚቆሙት ነበሩ። «ኤላ ላይ ተራ የሌለው የለም። ሀብታምም ተራ አለው፣ ድሃም ተራ አለው» አሉኝ። ጀሪካኖቼንም እንደ መንጋ ለሦስት ከፈሏቸው፤ የዛሬ፣ የነገ፣ የከነገ ወዲያ። የአፈሩንም ፊት በአሮጌ ጆንያ ሸፈኑት፤ «ራቁቱን ፀሐይ ላይ አትተወው» ብለው። እኔ ስለ ቅጠልና ስለ ትነት ያስተማርኩትን ሁሉ ጠቅሼ ተከራከርኩ። በሰላሳ ቀን ውስጥ ጎመኑ ራሱ ረታኝ። ቅጠሉ ወፈረ፣ ጠቆረ፣ ሰፋ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ያይ ጀመር። በዚያ ዓመት በነገሌ አረንጓዴ ነገር ማየት ቀላል አልነበረም።

ወሬው ግብርና ቢሮ ደረሰ። አንድ ባለሙያ መዝገብ ይዞ ወጣ፤ ቆጠረ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሳ። «ይሄ ሁሉ በራስዎ ጥረት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በራሴ ጥረት ነው» አልኩ።

አባ ዋሪዮ ከሸራው ሥር በርጩማቸው ላይ ነበሩ። አማርኛ ይሰማሉ። ወደ ሩቅ ያያሉ። እኔም «እሳቸውም ያግዙኛል» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰውየው ግን መጻፉን ጨርሶ መዝገቡን ዘጋው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መዝገቡ ባይዘጋም የምል አይመስለኝም። ሞዴል ተባልኩ። በሚመጣው ሐሙስ ከበላይ እንግዶች እንደሚጎበኙኝና የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠኝ ተነገረኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከጣሪያው ላይ አንዲት ቅጠል እንዳትነካ አወጅኩ። ዘነበች እንኳን ለወጧ ጎመን የምትገዛው ከገበያ ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት ጊደሯ መጣች።

ከአባ ዋሪዮ መንጋ የተረፈች አንዲት ጊደር ነበረች፣ ቡሬ የምትባል። ዱብሉቅ ዘመድ ዘንድ ቆይታ፣ ዘመድየው «ከእንግዲህ አልችልም፣ የኔም እያለቁ ነው» ብሎ በአይሱዙ ጭኖ ላካት። ስትወርድ አየኋት። ጎድኗ ይቆጠራል፤ የዳሌዋ አጥንት ቆዳውን ወጥሮ ድንኳን መስሏል። ጡሜ ናት ታሪኳን የነገረችኝ። ቦረና ወንድ ልጅ ሲወለድለት አባቱ ለልጁ አንዲት ጊደር ይሰጠዋል፤ ሀንዱራ ይሏታል፣ እትብት እንደ ማለት። የልጁ መንጋ የሚረባው ከእሷ ነው። የአባ ዋሪዮ መንጋ በሙሉ ከዚያች ጊደር የመጣ ነው፤ የቀረችውም ይህቺ ብቻ። «አባቴ ሌላው ሲያልቅ አላለቀሰም» አለችኝ ጡሜ። «ይቺ አለች እያለ ነው የኖረው።» ከደጋ በኩል ድርቆሽ የሚያመጣ መኪና እንዳዘዘችም ነገረችኝ፤ መንገድ ላይ ነው ተብሏል። እስከዚያ ካርቶን በውሃ አርሳ፣ ፉርሽካ ለምና፣ ከገበያ የወደቀ የሽንኩርት ቅጠል ለቅማ ታበላት ጀመር።

ጊደሯ በራሷ መነሳት አትችልም። ከብት ተኝቶ ከዋለ አይነሳም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ያነሳታል። ጡሜና ዘነበች በሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈው በጎንና በጎን ይይዛሉ፤ የጎረቤት ባለሱቅ ትከሻውን ያስደግፋታል፤ እኔ ከኋላ ጭራዋን ይዤ እገፋለሁ። አባ ዋሪዮ ከፊት ሆነው በስሟ ይጠሯታል። ትቆማለች፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እኔ እጄን ታጥቤ ወደ ጎመኔ እወጣለሁ። ይህን ስጽፍ ራሱ እንዴት እንደቻልኩበት አልገባኝም። ያን ጊዜ ግን ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ተያይተው አያውቁም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባ ዋሪዮ ሶሌታው ላይ አጠገቤ ቆሙ። ብዙ ጊዜ በርጩማቸው ላይ ነው የሚያናግሩኝ። ያን ቀን ግን ቆመው ነበር።

«መምህር፣ ከሥር ከሥሩ ያለውን ቅጠል ልቁረጥላት?»

ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። ወደ ጎመኑ አየሁ። ከሥር ያለው ቅጠል ሲቆረጥ አፈሩና ጀሪካኑ ይታያል፤ ፎቶ ላይ ያስጠላል። ያሰብኩት ይህንን ነው።

«ከሐሙስ በኋላ፣ አባ ዋሪዮ» አልኩ። «ከሐሙስ በኋላ ሁሉንም ይውሰዱት።»

«ሐሙስ ስንት ቀን ነው?»

«አራት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እሺ» አሉና የዛሬዎቹን ጀሪካኖች ማጠጣት ቀጠሉ።

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ዘነበች ግን ከደረጃው ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ስወርድ መንገዱን ዘግታ ጠበቀችኝ። «ሐሙስ ለአንተ ነው ቅርብ» አለችኝ። «ለጊደሯ ሩቅ ነው።» እኔ ስለ ምስክር ወረቀቱ፣ ስለ ከተማው ገጽታ፣ ስለ ሌሎች ጡረተኞች መነቃቃት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አወራኋት። አዳመጠችኝና «እሺ፣ መምህር» አለችኝ። ዘነበች መምህር የምትለኝ ስትንቀኝ ብቻ ነው።

ሰኞ አነሳናት። ማክሰኞ አነሳናት፤ ሦስት ጊዜ ሞክረን ነው። ረቡዕ ጠዋት ተሰብስበን ስንወርድ አባ ዋሪዮ መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ነበር። ጡሜ ጆንያውን ልታሳልፍ ጎንበስ ስትል «ተዪያት» አሏት። ጡሜ ጆንያውን እንደያዘች ቆመች። ከመንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፣ አንድ ሰው ሱቁን ያንኳኳል።

አባ ዋሪዮ ተነሱ፤ ነጠላቸውን አራገፉ፤ ደረጃውን ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ሶሌታው ላይ ስደርስ መቅጃውን ይዘው ሦስተኛውን መንጋ ያጠጣሉ።

«አባ ዋሪዮ፣ ዛሬስ ይተዉት» አልኳቸው።

«ተራቸው ነው» አሉ።

አንድም ሳይዘሉ፣ አንድም ሳያፈስሱ ጨረሱ። ቅጠሉ ሁሉ ነበር፤ ከሥሩም ከላዩም። አንዲት እንኳ አልጎደለችም።

ሐሙስ ኮት ለብሼ ስጠብቅ ዋልኩ። እንግዶቹ አልመጡም። ማታ ስልክ ተደወለልኝ፤ መኪናው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ነው፣ ሌላ ቀን እንነግርዎታለን ተባልኩ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ድርቆሽ የጫነው መኪና ገባ። ጡሜ ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ ሾፌሩ ሲያራግፍ፣ «የት ላድርገው?» ሲላት ሰማሁ። «ለጎረቤት ስጥ» አለችው።

የጀሪካን ጎመን አንዲት ከብት ያድናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አያድን ይሆናል። ይህንን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ በሳይንስ አስደግፌ፣ በቁጥር ለክቼ። ድርቆሹ እስኪደርስ ግን፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ፣ አምስት ቀን ብቻ ነበር። ቁጥሩ እዚህ ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ትቼ እነሳለሁ።

እንግዶቹ በሌላው ሳምንት መጡ። ሻይ እስኪፈላ አልቆዩም። አንዱ የምስክር ወረቀቱን ሲሰጠኝ ሌላው ፎቶ አነሳ። የእንግዶቹ ኃላፊ ዞር ሲሉ አባ ዋሪዮን አዩ፤ ሽማግሌ ፎቶ ላይ ያምራልና አጠገባቸው ሄደው ቆሙ። «አባባ፣ ይህ አትክልት ጠቀመዎት?» ብለው ጠየቋቸው።

አባ ዋሪዮ ተረጋግተው መለሱ። «መምህሩ ጥሩ ሰው ነው። ውሃ አያባክንም።»

ሁሉም አጨበጨቡ። ዘነበች አላጨበጨበችም። ከዚያ ቀን ወዲህም ከጣሪያው ጎመን ወጥ ሠርታ አታውቅም። ለለመናት ሁሉ ትሰጣለች፤ ለእኛ ግን ከገበያ ትገዛለች። አንድ ቀን ምክንያቷን ጠየቅኋት። «አይወርድልኝም» አለችኝ።

ዝናቡ ከወራት በኋላ መጣ። እንደ ደንቡ ቢሆን በዚህ መደሰት ነበረብን፤ ከተማው ተደሰተም። ዱብሉቅ በኩል ሣሩ ብቅ ሲል የአባ ዋሪዮ ጎሳ ተሰብስቦ ከብት ላለቀባቸው ሰዎች ከየተረፈው እንዲዋጣ ወሰነ፤ እንዲህ ያለ የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ላም ብቻ የቀሩት ሰው አንዷን ለአባ ዋሪዮ ሰጠ። ሁለት ነው ያልኳችሁ። እኔ አርባ ጀሪካን ነበረኝ።

የሚሄዱ ቀን እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ከረጢታቸውን ተሸክሜ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቃሉንም በኦሮምኛ ከጡሜ ተምሬያለሁ። መኪናው ሊሞላ ሲል «ዲፋማ፣ አባ ዋሪዮ» አልኳቸው።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ቡሬ። ቅጠሉን ስለከለከልኩዎት።»

አተኩረው አዩኝ። ቁጣ ፊታቸው ላይ ፈለግሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጠየቅኩህ፤ መለስክልኝ» አሉ። «ቅጠሉ ያንተ ነው። ምን አጠፋህ?»

«ማወቅ ነበረብኝ።»

«እኛ ጋ ሰው እስኪጠየቅ አይጠብቅም» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። «አንተ ግን የኛ ሰው አይደለህም። እንዴት ታውቃለህ?»

ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ መኪናው ገቡ። ከረጢቱን በመስኮት አቀበልኳቸው። እዚህ ከተማ ሰላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ልጆቼን የወለድኩት እዚህ ነው፤ የዚህን ከተማ ግማሽ ፊደል ያስቆጠርኩ ነኝ። ይህን ሁሉ ልነግራቸው ስል መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቢቆምስ ደግሞ ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ቤት ስገባ ዘነበች መስኮቱ አጠገብ ሆና ዝናቡን ታያለች። «ይቅር አሉህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ጎኗ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። አላመነችኝም።